ሚስትህ ምን ትብላ?

ማክሰኞ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ባለችበት ከሰዓት በኋላ

በውሃ ላይ ላለኸው፣ ለምወድህ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? ሌላውን ከማውጋቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርህና ልብህ ይረፍ፦ ሚስትህ ደህና ናት። በሆዷ ያለውም ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት አውቄ ነው። አንተ እንደሆንክ ከልጅነትህ ጀምሮ ተረት ሲነገርህ መጨረሻውን ካልሰማህ መሃሉን በወጉ አታዳምጥም። መጨረሻው ይኸው፣ ደህና ነው። አሁን እግርህን ዘርግተህ ከመጀመሪያው አንብበው።

ወረቀቱን የሚያደርስልህ ያ ረጅሙ ባልደረባህ ነው። ፈቃዱን ጨርሶ በጀልባ ወደ መርከቡ ሊመለስ ሲል ብቅ ብሎ፣ «ለልጅዎ የሚሉት ካለ እኔ እወስዳለሁ፤ እስከሚቀጥለው ወደብ ስልክ አይሠራም» አለኝ። እኔም የጀመርኩትን መጋረጃ ወደ ጎን ገፍቼ በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ፊደሌ ከተንጋደደ ጠረጴዛውን ውቀስ።

እንግዲህ አንተ ሄደህ ሚስትህ ሻንጣዋን ይዛ እኔ ዘንድ ስትገባ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለታችንም ጨንቆን ነበር። እኔ ብቻዬን መኖር የለመድኩ ሰው ነኝ። እሷም ማንኪያ ከሰሃን ጋር ቢጋጭባት እንኳ የምትሳቀቅ ልጅ ናት። ጠዋት እሷ ወደ ቀለም ፋብሪካው ሂሳብ ክፍል፣ እኔ የፊተኛውን ክፍል ከፍቼ ወደ ስፌቴ። ማታ ስትገባ «እንደምን ዋሉ እማማ?» ትለኛለች፤ «ተመስገን፣ አንቺስ?» እላታለሁ፤ ወሬያችን እዚያው ላይ ያልቃል። ከእሷ ጋር በምን እንደማወራ ሲጠፋኝ በምግብ አወራሁ። ጠዋት እንቁላል፣ ለምሳዋ በዕቃ ሩዝና አትክልት፣ ማታ የምስር ሾርባ። የምወዳትን ያህል ጨልፌ አቀርባለሁ። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀመጥና ሾርባውን በማንኪያ ታማስለዋለች፤ ታማስለዋለች፤ እኔ ዞር ስል ሳህኑ ከነሾርባው ማጠቢያው ጋ ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

ሚስትህ የታሸገውን ነገር ሁሉ ጀርባውን ገልብጣ ካላነበበች አታምንም። አንድ ቅዳሜ አብረን ሱቅ ሄድን። ብስኩት አነሳች። ፊቱ ላይ «ስኳር አልተጨመረበትም» ይላል፤ ጀርባው ላይ ስኳር ይህን ያህል ግራም ይላል። «እማማ፣ ካልተጨመረበት ከየት መጣ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! «በራሱ እግር መጥቶ ይሆናላ» አልኳት። አልሳቀችም። ሌላውን አነሳች፤ «ስብ የለውም» ይላል፤ ስትገለብጠው ስኳሩ ከሁሉም በልጦ ተቆልሏል። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ደስ አላትና፣ ቀረብ አድርጋ ስታጣራው ለካ ቁጥሩ ለሁለት ፍሬ ብቻ ኖሯል። «ሁለት ብስኩት በልቶ የሚያቆም ማነው?» አለች። እዚህ ላይ እንኳ እውነቷን ነው። ባለሱቁ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ሲያያት ቆየና፣ «እህቴ፣ ፈተናው መቼ ነው?» አላት። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ እሷ ግን ቅርጫቱን ባዶውን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲያ በሆዴ «ሚዛን» ብዬ ስም አወጣሁላት።

ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ መካሪ በዛባት እንጂ። ከላይ ፎቅ ያለችውን ጎረቤታችንን ታውቃታለህ፣ በስልክ ኦፕሬተርነት ጡረታ የወጣችውን። ሰፈሩ «ማዞሪያ» የሚላት በከንቱ አይደለም፤ የሁሉን ወሬ ከሁሉ ጋር ታገናኛለች። መጥታ «ጉበት ብዪ፣ ደም ይሆንሻል» አለቻት። እኔም ገዝቼ ጠበስኩ። ሚስትህ ግን በስልኳ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ «እርጉዝ ጉበት ከበላች አለቀላት» ሲል ሰምታ ኖሮ፣ ጉበቱን ድመት በላው። አክስቷ ደውላ «አሳ ለልጁ አእምሮ ነው» አለች፤ የቢሮ ጓደኛዋ «አሳ ውስጥ መርዝ አለ» አለች። እንቁላል በቀን ሁለት የሚል አለ፤ ጭራሽ አትንኪ የሚል አለ። ፍራፍሬ ስኳር ነው፣ ዳቦ ያሳብጣል፣ ወተት ይነፋል። ምስር ደም ይሆናል የሚለውን ሰምተን ሳንጨርስ፣ የለም ደሙን ያግደዋል የሚል መጣ። ልጄ፣ እኔን እንኳ ራሴን አዞረኝ። አንዱ የሰጣትን ሌላው ይነጥቃታል።

እሷ ማንን እንደምታምን ሲጠፋት ሁሉንም አመነች፤ ግን የሚከለክሏትን ብቻ። ብዪ ያላትን ትረሳለች፣ ተዪ ያላትን ትይዛለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሚስትህ ሞኝ አይደለችም፤ ፈርታ ነበር። የፈራ ሰው ደግሞ ከወረቀትም ይብሳል።

በወተቱ ጉዳይማ ተኮራረፍን። የዱቄት ወተት ገዝቼ ነበር። ጣሳው ላይ ቀን የሚመስል ቁጥር ተመትቷል፤ የቱ ወር፣ የቱ ቀን እንደሆነ አይለይም፤ የተሠራበት ይሁን የሚያበቃበት የሚል ቃልም የለውም። እኔ መነጽሬን አድርጌ «ገና ብዙ ይቀረዋል» አልኩ፤ እሷ «አልፎበታል» አለች። እዚያው እኔ ፊት፣ ማጠቢያው ላይ ገለበጠችው። ዓይኔ እያየ! ነጩ ዱቄት ከውሃው ጋር ሲወርድ የሆነ ነገር ከአንጀቴ አብሮ ወረደ። ጣሳውን ይዤ ባለሱቁ ጋ ብሄድ፣ ገልብጦ ቂጡን አሳየኝ። ላይ ያለው የተመረተበት ነው፤ የሚያበቃበት ከታች ተጽፏል፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። ተመልሼ ስነግራት «ይቅርታ እማማ» አለች። እኔ ግን «ምንም አይደል» ያልኩት በጥርሴ ነበር።

አንድ ሌላ የሚያስቅ ልንገርህ። ትልቁ መደብር ሄጄ ሻጯን ልጅ «አቅም የሚሰጥ፣ ሰውነት የሚገነባ ነገር አላችሁ?» ብላት፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ጣሳ አወረደችልኝ። ላዩ ላይ ፈገግ ያለች ጤናማ ሴት አለች፤ ጽሑፉ ግን የኔም የሚስትህም ያልሆነ ቋንቋ ነው። ሚስትህ ዞር ዞር አድርጋ አይታ «የማላነበውን አልጠጣም እማማ፣ አይቀየሙኝ» አለችኝ። ተቀየምኩ እንጂ! ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ እንዲሁ ከሚበላሽ ብዬ በየጠዋቱ እኔው በጥብጬ ጠጣሁት። የዚያን ጣሳ ጉድ ኋላ ትሰማለህ።

አሁን ወደማያስቀው ልመለስ።

ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ሰፋ ያለ ቀሚስ ሰፋሁላት። ሆድ ሲገፋ እንድለቅላት ብዬ ጎንና ጎኑን ትርፍ ጨርቅ አስገብቼበታለሁ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ የምለቅበት ምክንያት አጣሁ። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ሆነ። ፊቷ ገርጥቷል፤ ደረጃ ስትወጣ መደገፊያውን ይዛ ቆማ ትተነፍሳለች። «ምሳሽን በላሽ?» ስላት «በልቻለሁ እማማ» ትላለች። የምሳ ዕቃውም ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው። እንግዲህ ምን ልበል? ባዶ ዕቃ ምስክር ነው።

ምስክሩ ሐሰተኛ መሆኑን ያወቅኩት በፋብሪካው ዘበኛ ነው። ሰውዬው ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጣና ገና ከበሩ ጀምሮ ይመርቀኝ ጀመር። «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ! ልጅዎ በየቀኑ ምሳ ስታበላኝ እኔም እኮ ሰው ሆንኩ።» ሜትሩ በእጄ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ወገቡን ስለካው እንኳ፣ ይህ ሆድ የኔ ሩዝ ነው እያልኩ ነበር።

ማታ እንደገባች ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ዘበኛው ያመሰግንሻል» አልኳት።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «እማማ...»

«ምነው፣ የኔ እጅ መርዝ ነው? ባዶ ዕቃ እያመጣሽ የምታታልዪኝ ምን በድዬሽ ነው?»

«እርስዎ አልበደሉኝም። ምን እንደምበላ አላውቅም እኮ! የነካሁት ሁሉ ይጎዳዋል ይሉኛል። ልበላ ማንኪያ ሳነሳ የሰው ሁሉ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል። ብበላና አንድ ነገር ቢሆን ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ሲመለስ ምን እለዋለሁ?»

እዚህ ላይ ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን «በእኛ ጊዜ ማን ጀርባ አንብቦ ወለደ!» አልኳት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አላንኳኳሁም።

በማግስቱ እሑድ ነው። እሷ ከክፍሏ አልወጣችም፤ እኔም ኩርፊያዬን ታቅፌ መጋረጃ እሰፋለሁ። ቀትር ካለፈ በኋላ ግን በሩ ተከፈተ። ባዶ እግሯን ናት። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፦

«እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።»

መጋረጃው ከእጄ ወድቆ መርፌው ላይ ቆሜ ኖሮ፣ መውጋቱን ያወቅኩት ሆስፒታል ደርሼ ነው። ማዞሪያን ከደረጃው ሥር ሆኜ ስሟን ጠርቼ ጮህኩ፤ ከኔ ቀድማ ታክሲ ይዛ ቆየችን፤ ምስጋና ይግባት፣ ያን ቀን አንድም ምክር አልሰጠችም። ታክሲው ውስጥ ሚስትህ እጄን ጨምድዳ ይዛ «ይቅር ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» ትላለች። ለእኔ ትበል ለልጁ አላወቅኩም። «ዝም በዪ፣ ምንም አይሆንም» እላታለሁ።

ሆስፒታሉ እሑድ ስለሆነ ጭር ብሏል። አንዲት ሐኪም፣ ከሚስትህ ብዙም የማትበልጥ፣ ወዲያው አስገባችን። አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ የልብ ማዳመጫ መሣሪያውን አንሸራተተች። ሹ... ሹ... ይላል እንጂ ሌላ ድምፅ የለም።

ልጄ፣ እኔ እዚያ መቆም አልቻልኩም። እንዲህ ባለ ክፍል አንድ ጊዜ ተኝቼ አውቃለሁ፤ አንተ ከመምጣትህ በፊት ነው። ያኔ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም፤ አዋላጇ የእንጨት ቀንድ የመሰለ ነገር ሆዴ ላይ አቁማ ጆሮዋን አስጠጋች። ብዙ አዳመጠች። ከዚያ ቀና አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱን ተወው። ብቻ እኔ በሩን ይዤ ልወጣ ስል፣ ከኋላዬ ድንገት ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። የሚሮጥ ፈረስ ነው የሚመስለው። ሐኪሟ «ይኸው ልቡ፤ ጥሩ ነው» አለች። በሩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ፤ መሬት ላይ። አንዲት ነርስ ሮጣ መጥታ «እማማን ውሃ ስጧቸው!» ትላለች። በሽተኛዋ እኔ ሆንኩልህ።

ሐኪሟ ቀጥላ ጠየቀቻት፤ «ዛሬ ምን በላሽ?»

ሚስትህ የቀሚሷን ጠርዝ ትጎነጉናለች።

«ትናንትስ?»

«ፖም» አለች። ቆየችና «ግማሽ» ብላ ጨመረች።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ልጁ ልቡ ደህና ነው። እንቅስቃሴውን ደግሞ አሁን አብረን እንጠብቃለን። አንቺ ግን ተርበሻል፤ የኔ እህት። መጀመሪያ አንቺ ትጠጫለሽ» ብላ የፍራፍሬ ጭማቂ አስመጣች። በካርቶን የታሸገ ነው። ሚስትህ ተቀበለችውና ምን አደረገች መሰለህ? እጇ በራሱ ጊዜ ካርቶኑን ወደ ጀርባው ገለበጠው! እኔ ከመሬት ልነሳ ምንም አልቀረኝ። ግን ዓይኗ ጽሑፉ ላይ እንዳረፈ ቆመች። ሐኪሟን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ካርቶኑን መልሳ ገልብጣ፣ መምጠጫውን ሰክታ፣ እንባዋ እየወረደ እስከ መጨረሻው ሳበችው። ባዶ ካርቶን ሲመጠጥ የሚሰማው ያ አስቀያሚ ድምፅ እንደዚያን ቀን ጥሞኝ አያውቅም።

በግራ ጎኗ አስተኟት። ጠበቅን። ግድግዳው ላይ ያለውን የጨቅላ ሥዕል ስቆጥር፣ ስቆጥር፣ ድንገት «እማዬ!» አለች። እማማ አላለችም። እጄን ነጥቃ ሆዷ ላይ ለጠፈችው። አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ለቀቅ፣ ከዚያ ምን የመሰለ እርግጫ! ይህን ሁሉ ወር እጄን ላሳርፍ ፈልጌ እሷ ትሸማቀቃለች ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም እኔ አልፈልግም ብላ አላቀረበችልኝም ኖሯል። ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ መተላለፍ ይችላል።

ሐኪሟ በሩ ላይ ሆና ሳቀችና ጣቷን ወደ እኛ ቀሰረች። «እንቅስቃሴው ቀነሰ ካልሽ ሁልጊዜም ወዲያው ነይ። ሌሊት ነው፣ በዓል ነው፣ አስቸገርኩ አትበዪ።» ይህን ሁለቴ አስደገመችን።

ለክትትል እዚያው አቆይተውን ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የምትበላው ዳቦና እንቁላል አመጣሁላት። እየበላች ድንገት ቀና ብላ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ እማዬ? ሾርባው ላይ ዘይት የሚበዛው ሁልጊዜ ነው?» አለችኝ።

«ማነው ዘይት የሚያበዛው?»

«ከወደብ ሲደውል እሱ ነው ያለኝ። ‹የእናቴ እጅ ዘይት ይወዳል፤ ቅር እንዳይላት ዝም ብለሽ ቅመስ ቅመስ እያደረግሽ ተዪው፤ የምትበዪውን ግን እያጣራሽ› አለኝ።»

እንቁላሉ በእጄ ቀረ። «ለእኔ ደግሞ ‹እማዬ አደራ፣ እሷ ካልተጫኗት አትበላም፤ ሳህኑን ሳትጨርስ እንዳትለቂያት› ነው ያለኝ!»

ተያየን። ከዚያ ሳቅ ያዘን፤ ነርሷ መጥታ «እባካችሁ፣ ሕመምተኞች አሉ» እስክትለን ድረስ። አንተ ልጅ! በሁለት ጆሮ ሁለት ነገር እየነፋህ ባሕር ላይ ተዝናንተህ ትቀመጣለህ? ከምክሩ ሁሉ የባሰው ከቤታችን የወጣው ኖሯል። አልተቆጣሁህም፤ ሁለታችንንም ለማስደሰት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ስትመጣ ጆሮህን እቆነጥጥሃለሁ፤ ሚስትህ ሌላኛውን ትይዝልኛለች።

በሳምንቱ የምግብ ባለሙያዋ ዘንድ ቀጠሮ ነበረን፤ «ቤት ያለውን የታሸገ ነገር ሁሉ ይዛችሁ ኑ» ብላን ስለነበር አንድ ዘንቢል ሙሉ ተሸክመን ሄድን። ዕድሜዋ የገፋ፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። የደም ምርመራውን አይታ ደሟ ማነሱን ነገረችን፤ የብረት እንክብል ሰጠቻት፣ ከሻይ ጋር እንዳትውጠውም አስጠነቀቀቻት። ልጁ ከወሩ ትንሽ አነስ ብሏል፤ ግን የሚደርስበት ጊዜ አለው አለች። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው።

ሚስትህ አንገቷን ደፍታ «ማንበቤ ነው ያጠፋኝ» ስትላት፣ «የለም፣ ማንበብሽ ጥሩ ነው» አለቻት። «ፊቱ ማስታወቂያ ነው፤ እውነቱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው፤ እሱን እይና ተዪው። ግን ለመግዛት እንጂ ለመፍራት አታንብቢ። ደግሞም አብዛኛው ምግብሽ ጀርባ የሌለው ይሁን። ምስር ጀርባ አለው? ድንች ጀርባ አለው?»

የተከለከለውን ስትነግረን ከጠበቅነው በጣም አነሰ። ጉበት ለጊዜው ይቆይ፤ ቢቀር ምንም አይጎድልባትም። አሳ ትንንሾቹን ትብላ፣ ትልልቆቹን ትተው። እንቁላልና ሥጋ በደንብ ይብሰል፣ ወተት ይፈላ። ሌላውን በልክ በልክ ትብላ። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲነግራት «ሐኪሜን እጠይቃለሁ» ብላ ትለፈው። አየህ፣ ማዞሪያም ነጭ ጋውን ለባሹም ከእውነቱ አንዳንድ ቁራጭ ይዘው ነበር፤ ሙሉውን የያዘ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ያንን ጥቁር ጣሳ አነሳች። ያን ቋንቋ ታነባለች። አነበበች፤ መነጽሯን አውልቃ እንደገና አነበበች። «ይህን ማን ጠጣው?»

«እኔ» አልኩ።

«እማማ፣ ይህ ክብደት ለሚያነሱ ስፖርተኞች ጡንቻ የሚያወጣ ነው። ለእርጉዝ አይሰጥም ይላል።»

ሚስትህ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። እኔም ምን ልበል፣ «ለካ ለዚህ ነው ሰሞኑን የስፌት መኪናውን ብቻዬን ከግድግዳው ጥግ ያነሳሁት!» አልኩ። ባለሙያዋ እንደዚያ ስትስቅ ሠራተኞቹ በበሩ ብቅ ብቅ አሉ። በኋላ ግን ኮስተር ብላ የደም ግፊቴን ለካች፤ ደህና ነኝ፣ አትጨነቅ፤ ጣሳውን እሷው አስቀረችው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ነው። ምሽት ላይ ከሥራ ስትመጣ አብረን እናበስላለን። ዘይቱን የምታፈሰው እሷ ናት፤ ዳኝነቱን ለቅቄላታለሁ። ጨውን ግን አልሰጠሁም። ዘበኛውም አልተጎዳም፤ ሐሙስ ሐሙስ ለእሱ ለብቻው እቋጥርለታለሁ፤ ከለመደው ከልክዬ ኃጢአት ውስጥ አልገባም። ትናንት ክትትል ነበረንና አዋላጇ ሆዷን በሜትር ለክታ «እሰይ፣ ጨምሯል!» አለችን። የጉንጯን ቀለም ብታይ! አሁን ይህን ስጽፍ ጓዳ ሆና እያፏጨች ድንች ትልጣለች። ስታፏጭ ዜማው ሁሉ ይጠፋባታል፤ ይህን ታውቅ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር።

ስለዚያ እሑድ ግን እንዳልጽፍልህ አደራ ብላኛለች። «በባሕር ላይ ሆኖ ይጨነቃል፣ እኔ ሲመጣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ» አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። ስለዚህ ምንም አልነገርኩህም። ወደብ ደርሰህ ስትደውል እንዳላወቅክ ሁን፤ ምን በላሽ ብለህም እንዳትጠይቃት፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቋት በቂ ሰዎች አሉ። ይልቅ እንዴት አደርሽ በላት፤ ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጣት። ለመውለጃዋ እደርሳለሁ ያልከውን ደግሞ ካፒቴንህን ለምነህም ቢሆን ጠብቅ።

ፈጣሪ ከማዕበል ይጋርድህ፤ የረገጥከው ወለል ይጽናልህ፤ ቁርስህ ይስማማህ፤ በሰላም አውጥቶ ልጅህን ለመታቀፍ ያብቃህ። እኛ ደህና ነን።

እናታችሁ